አይሸጥም የተባለው አክሲዮን

መሪ ሰፈር የነበረው እርሻችን ለልማት ሲወሰድ አባቴ በካሳው የባንክ አክሲዮን ገዛ። አክሲዮኑ በቅርቡ የካፒታል ገበያው ላይ ሲወጣ፣ እሱን አስይዘን ልንበደር ጉርድ ሾላ ወዳለ ሌላ ባንክ ሄድን። አባቴ የአክሲዮን ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ይዟል።

«አባባ፣ አይሸጥም እኮ! የእርስዎ እንደሆነ ይቆያል» አለች የብድር ሠራተኛዋ። ፈገግታዋ መብዛቱ አላማረኝም።

«ዋጋው ቢወርድስ?» አልኳት።

«ተጨማሪ ማስያዣ ታመጣላችሁ።»

«ካላመጣንስ?»

«ያኔ... ባንኩ ይሸጠዋል።»

ደሜ ፈላ። ባልጠይቅ ኖሮ ትነግረን ነበር? አባቴ ግን አልተቆጣም። ወረቀቱን መልሶ በላስቲኩ ጠቀለለና በመስኮቱ ኮንዶሚኒየም ወደሞላበት ወደ መሪ አቅጣጫ አየ።

«ልጄ፣» አላት፣ «መሬቱንም እኮ አልሸጥኩትም።»