በጆንያ የመጣ ልጋግ

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቴ ዘሃራ ባልዲና በረኪና ይዛ ከልጇ የዶሮ ቤት ጀርባ ስትዞር በአጥሩ በላይ አየኋት። እዚያ ያለውን የሽታ ማጥፊያ ሳጥን ልታጥብ ነው። ሞጣ ስኖር ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን መንገደኛው ቆሞ እስኪያየኝ ጮኽሁ።

«ዘሃራ! አትንኪው!»

«እንዴ እትዬ፣ ይኼን ልጋግ?»

ልጋግነቱንማ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ያደግሁት ቢቸና ነው። አባቴ ከመኝታዬ ግድግዳ ጋር አስጠግቶ ዶሮ ያረባ ነበር። ክረምት ኩሱ ሲረጥብ ሽታው ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ሽሮው ሳይቀር እሱን እሱን ይላል። ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ የቆሙት ሴቶች ነጠላዬ ሲሸታቸው ፈቀቅ ይላሉ። እንዴት እንደጠላሁት! ዛሬም እንቁላል አልበላም።

ደሳለኝ የሞጣ ልጅ ነው። የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ሆኖ ወደ እኛ ከተማ መጣና ለአባቴ እንዲህ ያለ ሳጥን ሠራለት። የዶሮ ቤቱን አየር ማራገቢያ ይገፋዋል፤ አየሩም ውሃ በሚንጠባጠብበት የእንጨት ስብርባሪ ውስጥ አልፎ ይወጣል። ስብርባሪው ላይ በዓይን የማይታዩ ተህዋስያን ይኖራሉ፤ ሽታውን የሚበሉት እነሱ ናቸው። ሳምንታት ሲያልፉ ስብርባሪው ጉንፋን እንደያዘው ሕፃን አፍንጫ ቡናማ ልጋግ አወጣ። ሳየው ያቅለሸልሸኛል። ሽታው ግን ጠፋ። ደሳለኝም ሳጥኑን ልይ እያለ መመላለስ አበዛ፤ እኔም ምክንያቱ ገብቶኝ ደስ አለኝ።

ሽማግሌ የሚልክበት ቀን ተቆረጠ። እናቴ ዋዜማውን ግቢውን ስታጸዳ ሳጥኑ ጋ ደረሰች።

«የተከበረ ሽማግሌ መጥቶ ይኼን ይይብኝ?» አለችና ስብርባሪውን በፈላ ውሃና በበረኪና ፍትግ አድርጋ አጠበችው።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ሽታውም ተመልሶ ነበር። ወጉ ነውና ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አባቴም ወጉ ነውና አልቸኮለም፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ ይጠይቃቸዋል። አንዱ በጋቢው አፍንጫውን ሸፈነ። ትልቁ ሽማግሌ «ልጃችሁን ለልጃችን...» ብለው ሳይጨርሱ አፋቸውን ይዘው ወጡ። ቁርሳቸው ከነሽምብራው ደጃፋችን ላይ ፈሰሰ።

«ሁለተኛ እዚህ ቤት አልቆምም!» ሲሉ ከመጋረጃው ጀርባ ሰማኋቸው።

እናቴ ትውከቱ ላይ አመድ እየበተነች አለቀሰች። እኔም አበቃልኝ አልሁ።

ደሳለኝ ሞጣ ወርዶ፣ እዚያ ከሠራው ሌላ ሳጥን ልጋግ የያዘ ስብርባሪ በጆንያ ሞልቶ በአውቶቡስ ተነሣ። ጆንያው ተሳፋሪ ላይ ሲንጠባጠብ ረዳቱ መንገድ ላይ አወረደው፤ የቀረውን ተሸክሞ በእግሩ መጣ። በሩን ስከፍትለት ጀርባው እስከ ወገቡ ዝልግልግ ብሏል።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«እርሾ ነው። እማማ እንዳያጥቡት ንገሪልኝ።»

ሮጬ ሄጄ አጥሩ ሥር አስመለስሁ። ሌሎች ሽማግሌዎች በመጡ ጊዜ ግን ቤቱ የሚሸተው የተጎዘጎዘውን ቄጤማ ብቻ ነበር፤ አባቴም እንደ ልቡ አቆማቸው።

ደሳለኝ ዕድሜውን ሙሉ ከዶሮ ቤት ዶሮ ቤት ሲዞር ኖረ። ጃኬቱን በር ላይ ሳላስወልቀው አላስገባውም ነበር። ካረፈ ወዲህ ቤቴ ምንም አይሸትም።

ዘሃራ ባልዲዋን አስቀምጣ ስታየኝ ወደ እሷ ግቢ ዞሬ ገባሁ። እጅጌዬን ሰብስቤ እጄን ልጋጉ ውስጥ ከተትሁ። ቶሎም አላወጣሁትም።