ሜዳሊያ ብዬ ያስገባሁት ኒሻን

ይህ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ልጄ ታምሩ ከደቡብ ሱዳን በተመለሰ ሰሞን ነው። እስከ ዛሬ የማስታውሰው በአንድ ቃል ምክንያት ነው። ያን ቀን ትክክለኛውን ቃል ተናግሬ ቢሆን ኖሮ አሁን የምጽፈው ነገር አይኖርም ነበር።

ታምሩ ወታደር ነው፤ ሾፌር። ከሰላም አስከባሪው ጦር ጋር ሲሄድ እዚያ ምን እንደሚሠራ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም። የማውቀው የብዙ አገር ወታደር በአንድነት እንዳለ ብቻ ነው። ስልክ ሲያገኝ “እማዬ፣ ደኅና ነኝ” ይለኛል። ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል።

ቤታችን አፍንጮ በር ነው። ጠዋት ጠዋት ጊዮርጊስ ሄጄ እሳለማለሁ። አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያኑን በር ተደግፌ ሳለሁ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። “ልጄን በሰላም ከመለስክልኝ፣ መጀመሪያ እጄ ላይ የሚያኖረውን ነገር ለአንተ አስገባለሁ” አልኩ። ከዚያ አገር የሚመለሱ ልጆች ለእናቶቻቸው የሚያመጡትን አይቻለሁ። ሽቶ ነው፣ ብርድ ልብስ ነው፣ ቢበዛ ቀለበት ነው።

ታምሩ በሰላም ተመለሰ። በር ላይ አቅፎኝ ብዙ ቆየ። ከዚያ ከደረት ኪሱ አንድ ነገር አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረና ጣቶቼን አጠፈልኝ።

“ሜዳሊያ ሰጥተውን ነው። አንቺ ጋ ይቀመጥ” አለኝ።

እጄን ከፍቼ አየሁት። ነሐስ የሚመስል ክብ ነገር ነው፤ በሰማያዊ ጥብጣብ ተንጠልጥሏል። ፊቱ ላይ የዓለም ካርታ በቅጠል ተከቦ ተቀርጿል። ጀርባው ላይ የፈረንጅ ጽሑፍ አለበት። እንኳን ደስ አለህ ማለት ሲገባኝ “ሌላ ያመጣኸው የለም?” አልኩት።

“ምን ፈልገሽ ነበር?” ብሎ ሳቀ። ሻንጣው ውስጥ ሽቶ ነበረው። ነገር ግን ቀድሞ እጄ ላይ ያረፈው ሽቶው አይደለም።

ለታምሩ ምንም ሳልነግረው ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። “አባቴ፣ በሽቶው ብለውጠውስ?” አልኳቸው።

“ቅዱስ ጊዮርጊስ ሽቶ ምን ያደርግለታል?” አሉኝ። ጥቂት አሰቡና፣ “የተሳልሽውን አስገቢ። የስለት ዕቃ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለጨረታ ይወጣል። ያን ጊዜ እንደ ማንኛውም ሰው ተጫርተሽ ግዢው። ይህ አይከለከልም” አሉ።

ልቤ ዐረፈ። ስለቴም ይደርሳል፣ የልጄም ነገር ወደ ቤቱ ይመለሳል አልኩ።

ስለት የሚቀበሉት ሽማግሌ ዕቃውን እያገላበጡ አዩት። “ምን ይባላል?” አሉኝ።

“ሜዳሊያ።”

ትንሽ ወረቀት ላይ “ሜዳሊያ” ብለው ጽፈው አሰሩበት። ቀና ብለው ጠበቁኝ፤ የምጨምረው ነገር ያለ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን ብዙ መናገር አልወድም። ተሳልሜ ወጣሁ።

እሑድ ገንዘቤን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬ ከፊት ቆምኩ። አጫራቹ ዲያቆን ድምፅ ማጉያ ይዞ ጃንጥላውን ሸጠ፣ መጋረጃውን ሸጠ፣ ጧፉን ሸጠ። ከዚያ የልጄን ጥብጣብ ከፍ አድርጎ ወረቀቱን አነበበ።

“ሜዳሊያ” አለ።

እኔ ቶሎ ዋጋ ጠራሁ። ከኋላዬ ግን ሕዝቡ መንሾካሾክ ጀመረ።

“የማን ነው?”

“ስም የለውም አሉ።”

“የሯጭ ነዋ። ሌላ ማን ሜዳሊያ አለው?”

“የትኛዋ ትሆን?”

“ስሜ አይጠራ ብላ ነው። ባለፈው እዚሁ በነጠላ ተሸፋፍና አይቻታለሁ።”

አንዱ ወጣት ጠጋ ብሎ አየና፣ “የዓለም ካርታ አለበት፤ የዓለም ሻምፒዮና ነው” አለ። ይህን ጊዜ ነገሩ ተበላሸ። ከግራም ከቀኝም ዋጋ ይጠራ ጀመር። ነጠላዬ ላይ የቋጠርኩት ወዲያው ተበለጠ።

ከሁሉ በላይ የሚጨምረው ፒያሳ ወርቅ ቤት ያለው ጎልማሳ ሰው ነበር። “ወርቅ ነው እንዴ?” ሲሉት፣ “ወርቅማ ቢሆን ከዚህ ሆኜ ይሸተኝ ነበር። ነሐስ ነው፤ ሦስተኛ ወጥታ ነው” አለ። ሰው ሳቀ። እሱም ጨመረ።

ዝም ብል የልጄ ኒሻን በሯጭ ስም ወርቅ ቤት ሊሰቀል ነው። ብናገር ደግሞ ዋጋ ለማስቀነስ ነው ሊሉኝ ነው፤ ያውም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ።

አጠገቤ የቆመች የማላውቃት ሴት ስታየኝ ቆይታ ኖሯል። “እቱ፣ ከዚህ በላይ አትጨምሪም?” አለችኝ።

“የለኝም።”

“እንዲህ ሩጫ ትወጃለሽ?”

“የሯጭ አይደለም” አልኳት በቀስታ። “የልጄ ኒሻን ነው። ወታደር ነው።”

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። “እና አፍ የለሽም?” አለችና እጇን ወደ ላይ ሰቀለች። “ዲያቆን፣ አንዴ ቆይልን። ሜዳሊያው ሜዳሊያ አይደለም፤ ኒሻን ነው። የወታደር ነው። እናቱ ይቺውልህ።”

የአራዳ ሰው በሙሉ ዝም ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከመካከል አንድ ድምፅ ፈራ ተባ እያለ፣ “ልጁስ?” ብሎ ጠየቀ።

ሞቷል ብለው እንዳሰቡ የገባኝ ያኔ ነው። “ቤት ነው” አልኩ። “ምሳ እየጠበቀ ነው።”

አንዲት ሴት እልል አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዲያቆኑም እየሳቀ፣ “እንግዲህ የሯጭ መስሎት ዋጋ የጠራ ካለ፣ ይቅርብኝ ማለት ይችላል” አለ።

“እኔ የጠራሁት ለጊዮርጊስ ነው እንጂ ለሯጭ አይደለም” አለ ወርቅ ቤቱ ሰው። “ቃሌን አላጥፍም።”

ሌላ የጨመረ አልነበረም። ከፍሎ ተቀበለ። አለቀ ብዬ ነጠላዬን አስተካክዬ ልሄድ ስል መጣና ፊቴ ቆመ። ኒሻኑን መዳፉ ላይ አድርጎ እያገላበጠ ያየዋል።

“እናቴ፣ ምን ሠርቶ ነው የሸለሙት?” አለኝ።

“አላውቅም” አልኩት።

“እርስዎ ካላወቁ ማን ያውቃል?”

“አልጠየቅሁትም።”

ራሱን ነቀነቀ። “እኔ ያልገባኝን ዕቃ ሱቄ ውስጥ አላስቀምጥም። እንግዲያ ይጠይቁትና መጥተው ይንገሩኝ። እስከዚያ እርስዎ ጋ ይቀመጥልኝ” ብሎ እጄ ላይ አኖረው። “የእኔ ነው ታዲያ፤ እንዳይረሱ።”

ቤት ገብቼ ምሳ ላይ ለታምሩ ሁሉንም ነገርኩት። ጉርሻውን ይዞ ቀረ። “ሦስተኛ ወጣሁ?” አለና እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከተመለሰ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አላየሁትም ነበር።

“ምን ሠርተህ ነው የሰጡህ?” አልኩት።

“ስለ ቆየሁ ነው።”

“ምን ማለት ነው?”

“እዚያ የተወሰነ ጊዜ ለቆየ ሁሉ ይሰጣል። ለኔፓሉም፣ ለሩዋንዳውም፣ ለእኔም ያው አንድ ዓይነት ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛ የለውም።”

ከዚያ ሳልጠይቀው ቀጠለ። በቦቴ ውኃ ያመላልስ ኖሯል፤ ከቤታቸው ተፈናቅለው በድንኳን ለሚኖሩ ሰዎች። መንገዱ በዝናብ ጊዜ ጭቃ ነው፤ በበጋ ደግሞ ተኩስ የሚሰማበት ቀን አለ። አንዲት አሮጊት ጄሪካኗ በሞላ ቁጥር ጎማውን በእጇ ዳሰስ እያደረገች አንድ ነገር ትናገራለች። “ቋንቋዋን አላውቅም፤ ግን ምርቃት እንደሆነ አውቄያለሁ። አንቺ ስትመርቂ የሚኖርሽ ድምፅ ነው ያላት” አለኝ።

እኔ እዚህ የጊዮርጊስን በር ተደግፌ በነበረበት ጊዜ እዚያ ደግሞ ሌላ እናት የልጄን ጎማ ትመርቅ ነበር ማለት ነው።

“ለምን እኔ ጋ ይቀመጥ አልክ?” አልኩት።

“አንቺም ቆይተሻላ” አለኝ።

በማግስቱ ወርቅ ቤቱ ሄጄ የሰማሁትን ነገርኩት። ባንኮኒው ላይ ተደግፎ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። “ስለ ቆየ ነው የተሸለመው?” አለ። “እኔ ፒያሳ ስንት ዘመን ቆየሁ፤ ማን ኒሻን ሰጠኝ?” ከዚያ ግን መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ኒሻኑን ባንኮኒው ላይ ሳስቀምጥለት በጣቱ ወደ እኔ ገፋው። “እርስዎ ጋ ይቆይ” አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በሱቁ ባለፍኩ ቁጥር ከውስጥ ሆኖ፣ “እናቴ፣ ኒሻኔ ደኅና ነው?” ይለኛል። “ደኅና ነው” እለዋለሁ። ሌላ ወሬ አልነበረንም።

አሁን ወርቅ ቤቱ የነበረበት ሕንፃ ፈርሷል። በቦታው ሰፊ መንገድ አለ። ሰውየው ወዴት እንደሄደ የጠየቅኋቸው አላወቁልኝም። ኒሻኑ ከሥዕለ ማርያም በታች ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ታምሩም ደኅና ነው።

የሚቆጨኝ አንድ ነገር ነው። የወርቅ ቤቱን ሰው ስሙን ሳልጠይቀው ቀረሁ። ሰው በጸሎት የሚታሰበው በክርስትና ስሙ ነው፤ እኔ ደግሞ የዓለም ስሙን እንኳ አላውቅም። ስለዚህ ጠዋት ስሳለም “የኒሻኑን ባለቤት አስበው” ብዬ እጸልያለሁ። ልጄን ይሁን ያንን ሰው፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ለሁለቱም እንዲደርስ ነው የምለው።