ሰባተኛው ሸክላ

የሺሀረግ አሜሪካ፣ ኩን ራፒድስ ከተማ ባለ አንድ ያገለገሉ ዕቃዎች መደብር የሙዚቃ ሸክላ ትለያለች። ለጌታ የምትዘምር ሴት ናት፤ የሮክ ሙዚቃ ሲከፈት ጆሮዋን ትደፍናለች። ሸክላና ሽፋኑ ካልተገጣጠሙ ግን እህል አይወርድላትም።

ባለፈው ወር የአንድ የድሮ ሮክ ባንድ ዘጠኝ አልበሞች ከሌሎች ሸክላዎች ጋር በአንድ ካርቶን መጡ። የሰባተኛው ሽፋን ባዶ ነበር። መደብሩ ውስጥ ያለውን ሽፋን ሁሉ ከፍታ ፈተሸች፤ የለም። አውቶቡስ ላይም፣ ወጥ ስታማስልም ሐሳቧ እሱው ጋ ነው።

ልጇ «ማሚ፣ ሪላክስ አድርጊ!» ስትላት፣ «ምን ሪላክስ! ዕቃ እግር አውጥቶ አይሄድ!» ብላ ጮኸችባት።

እሁድ ምእመናን ቤቷ ተሰብስበው፣ ከመካከላቸው ጋሽ ይልማ ጸሎት እየመሩ ሳለ፣ እሷ ዓይኗን መጨፈን አቃታት። ፊት ለፊቷ ግድግዳው ላይ የመዘምራን ፎቶ ያለበት የሸክላ ሽፋን ተሰቅሏል። ማጫወቻ ስለሌላት ከዚያው ካርቶን ለጌጥ ብላ የገዛችው ነው፤ ከፍታው አታውቅም።

ቀስ ብላ ወንበር ላይ ወጣች፤ አወረደችው፤ እጇን ውስጡ ሰዳ ሸክላውን አወጣች። ሰባተኛው!

«የጠፋብንን ሁሉ መልስልን!» አሉ ጋሽ ይልማ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ።

የሺሀረግ ወንበሩ ላይ እንደቆመች፣ የሮኩን ሸክላ ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ከሁሉም ቀድማ «አሜን!» ብላ ጮኸች።