ስገባ የሚጠፋው ኮምፒውተር

2004 ዓ.ም. ነበር፤ ዝናቡ ዘግይቶ የሱዳኗ ገዳሪፍ በሙቀት ትቃጠላለች። ልጄ ሰብለ ቤት ውስጥ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር የሠርግ ቪዲዮ ታቀናብራለች። የመጀመሪያ ሥራዋ ነው፤ ለእሑድ ካላደረሰች ሌላ የሚሰጣት የለም።

እኔ ቀትር ላይ ከእርሻ ስገባ ግን ስክሪኑ ይጠፋል። ሰብለ «የግራፊክስ ድራይቨሩ ነው» እያለች ፕሮግራሙን ደጋግማ አጥፍታ እንደ አዲስ ጫነችው። ጠዋት ደህና ይሠራል፤ እኔ ስደርስ ድርግም።

ሚስቴ፣ «አንተን ፈርቶ ነው። እስቲ አንድ ቀን እንኳ ፈገግ ብለህ ግባ» አለችኝ።

ፈገግ ብዬ ገባሁ። ጠፋ።

ዓርብ ዕለት ግን ልብ ብዬ አየሁ። ሰብለ እንደ ልማዷ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «አባዬ፣ አረፍ በል» ብላ ያለችንን አንዲት ማራገቢያ ወደ እኔ አዞረችልኝ። ጥቂት ቆይቶ ስክሪኑ ጨለመ።

«ቅድም ማራገቢያዋ ወዴት ነበር የምትነፍሰው?» አልኳት።

«ወደ እኔ» አለች። ቀጥላም ቀስ ብላ፣ «ወደ ኮምፒውተሩም» አለችና የጋለውን ሣጥን ነካችው።

ማራገቢያዋን ወደ ኮምፒውተሩ መለስኩና የገመድ አልጋዬን፣ አንገሬቤን፣ ተሸክሜ ወጣሁ። ሰብለ «አባዬ፣ ኧረ ነውር ነው!» እያለች ተከተለችኝ።

«ግቢና ሥራሽን ጨርሺ» ብያት ደጅ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተጋደምኩ።