በአፀደ ስም የደረቀ ደም

አፀደን ያወቅኋት ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በባቡር አብረን ስንመጣ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚሉት የሀብታም ሰፈር አንድ ቤት አበሰለች፤ የቤቱ ልጆች ሲያለቅሱ የሚጠሩት እናታቸውን ሳይሆን እሷን ነበር። በ2005 ሳል ሲጀምራት ግን እመቤቷ ሻንጣዋን በር ላይ አስቀመጠችላት። እኔ ትርሲት፣ ካርቲዬ ሁለት በሚሉት የድሃ ሰፈር ያለችኝን አንዲት ክፍል አካፈልኳት።

ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ቲቢ ነው ተባለ። ክሊኒኩ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ ያጠና ነበርና አፀደም ገባችበት። ነርሱ ሙክታር ድሬ ያደገ የጅቡቲ ሰው ነው፤ አራት ክብ የታተመበት ወረቀትና መርፌ ሰጣት።

«በሳምንት አንድ ቀን፣ ኪኒኑን ከዋጥሽ በኋላ በየሁለት ሰዓቱ ጣትሽን ወጋ አድርገሽ አንዱን ክብ በደም ሙዪው። ሲደርቅ አምጪልኝ» አላት።

የመጀመሪያውን ሳምንት ራሷ ሞላች። በዚያች ቀጫጫ ጣቷ ደም ለማውጣት ስትታገል አንጀቴን በላችው። ደም የሌላትን ሰው ደም መጠየቅ ምን የሚሉት ሕክምና ነው? በሚቀጥለው ሳምንት መርፌውን ነጥቄ የራሴን ጣት ወጋሁ።

«ደም ደም ነው፤ ወረቀቱ እንደሆነ አያውቀኝ!»

«ያንቺ ደም እንደ ምላስሽ ኃይለኛ ነው፤ ወረቀቱን እንዳያቃጥለው» ብላ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሙክታር ግን ውጤቱን ይዞ ተቆጣ። «መድኃኒቱ ደምሽ ውስጥ የለም። ኪኒኑን እየጣልሽ ነው?»

አፀደ በማርያም ማለች፤ እውነቷን ነበር። እኔ ምላሰ ረጅሟ አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ። ሐኪሙ ሰውነቷ መድኃኒቱን ቶሎ ይጨርሰዋል ብሎ መጠኑን ጨመረላት።

«ከተናገርሽ ያባርሩኛል፤ መድኃኒቱም ይቀርብኛል» አለችኝ በመንገድ ላይ። አሁን የሷን ደም ብናደርግ ልዩነቱ ያጋልጠናል ብለን እንደገና የኔን አንጠበጠብን። መጠኑም እንደገና ተጨመረ።

አንድ ጠዋት ውኃ ሳቀብላት የዓይኗ ነጩ እርድ መስሏል። ያን ቀን ፍርሃቴ ተገለበጠ፤ ከመባረሯ ይልቅ ሞቷን ፈራሁ፤ ክሊኒክ ሮጬ ለሙክታር ሁሉንም ዘረገፍኩለት።

«ስንቱ ያንቺ ነው?» አለኝ።

«ከመጀመሪያው ሳምንት በቀር ሁሉም።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «የጨመርንላት መድኃኒት ጉበቷን እየገደለው ነው» አለ። ሐኪሙ ጋ ደውሎ ተከትሎኝ ወጣ።

በሩን ስከፍት አፀደ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። የዕለቱን ኪኒን አንድ ሳታስቀር ውጣለች። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ መርፌውን አቀበለችኝ፤ ከኋላዬ የቆመውን ሙክታርን አላየችውም።

«ትርሲትዬ፣ የት ጠፋሽ? ሁለት ሰዓቱ ሞላ እኮ» አለችኝ።