ቧንቧው በየት በኩል ያልፋል?

ሰሞኑን ልጄ የፍሳሽ ጉድጓድ ካላስቆፈርኩ ብላ ተነሣች። ቆፋሪዎቹም ሰኞ ጠዋት ዶማና አካፋቸውን ይዘው ግቢያችን ገቡ። የውሃው መስመር በየት በኩል እንደሚያልፍ ሳይጠየቅ ማንም መሬቴን አይነካም አልኳቸው። ቆፋሪዎቹ ተያዩ፤ ልጄ በረጅሙ ተነፈሰች። እኔም በዚህ በሚያመኝ ጉልበቴ፣ ጃንጥላዬን ተመርኩዤ፣ በጂንካ ጭቃ እየተንሸራተትኩ ወደ ውሃ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። መስመሩን የሚያውቀው ሰው መስክ ወጥቷል፣ ነገ ይምጡ ተባልኩ። ይህን ቃል ስሰማ ደሜ መፍላት የጀመረው ዛሬ አይደለም።

በደርግ ጊዜ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ሥራ ሳላገኝ አባቴ ቤት የተቀመጥኩበት ዓመት። ወሩ ሚያዝያ ነበር። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይጀምርና ከተማው መሀል ያለው የአውሮፕላን ማረፊያ ሣር ሐይቅ እስኪመስል ይወርዳል። ቀበሌያችን እያንዳንዱ ቤት በሁለት ሳምንት ውስጥ የመጸዳጃ ጉድጓድ እንዲቆፍር አዘዘ። ያልቆፈረ ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አያገኝም።

አባቴ የአሪ ገበሬ ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው ተዘግቶባቸው በየቤቱ ከሚጸልዩት አማኞች አንዱ ነበር፤ አንድ ነገር ተናግሮ የተጠራጠረውን ሰው አላውቅም። ጉድጓዱን ከጓሮ፣ ሙዞቹ አጠገብ ሊቆፍር ፈለገ። ችግሩ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ ወደ ጤና ጣቢያው የሚሄደው የውሃ ቧንቧ በሰፈራችን ተቀብሯል። እናቴ ከሙዞቹ ሥር ነው ትላለች፤ አባቴ ከአቮካዶው ወዲያ ይላል፤ ጎረቤታችን ደግሞ በአጥሩ ጥግ ነው ብሎ ይምላል። አጥሩ ግን ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ቦታ ቀይሯል።

«የቀበሩትን ሰዎች ጠይቅ፤ መጥተው ምልክት ያድርጉልን» አለኝ አባቴ በአሪኛ።

ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን ቢሮው ዝግ ነው፤ ሁሉም ስብሰባ ናቸው አለኝ ዘበኛው። በማግስቱ አንድ ጸሐፊ አገኘሁ፤ ከቀበሌ ደብዳቤ አምጣ አለኝ። ቀበሌ ስሄድ ደብዳቤው ተጻፈልኝ፣ ማህተሙ ግን ሊቀመንበሩ ኪስ ውስጥ ነው፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ ቀይ አፈር ከተማ ሄዷል። ሁለት ቀን ጠብቄ ማህተም የተደረገበትን ደብዳቤ ይዤ ስመለስ፣ ጸሐፊው ሳያነበው ፋይል ውስጥ ከተተውና መስመሩን የሚያውቀው የቧንቧ ሠራተኛው አቶ ዘለቀ ብቻ ነው አለኝ። አቶ ዘለቀ ደግሞ ፓምፕ ሊጠግን ወይጦ ወርዷል፤ ሐሙስ ይመጣል። ካርታ የላችሁም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ካርታው አቶ ዘለቀ ራሱ ነው አለኝ፤ ሲናገርም አልሳቀም።

ሐሙስ ስሄድ ወንዝ ሞልቶ መኪናው ወዲያ ማዶ ቆሟል ተባለ። ጫማዬ ቀይ ጭቃ ተሸክሞ እግሬን አላስነሣ ብሎኛል። ጎረቤቶቻችን ጉድጓዳቸውን ጨርሰው ክዳን እየሠሩ ነው። ቀበሌው ከሰጠን ቀን የቀረን ሦስት ቀን ብቻ ነው። በንዴት እየተብከነከንኩ ቤት ስደርስ አባቴ የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ እያጠቀሰ ይበላል። ምን አሉ ሲለኝ፣ እስከ ዛሬ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ቃል ከአፌ ወጣ።

«አቶ ዘለቀን መንገድ ላይ አገኘሁት። በእኛ ግቢ አያልፍም፣ ከአጥር ውጭ ነው ብሏል።»

አባቴ እግዚአብሔር ይስጠው አለና ጎደሬውን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ።

በማግስቱ ጠዋት መቆፈር ጀመርን። አፈሩ ርሶ ስለነበር እንደ ቅቤ ይቆረጣል። ወገቤ ድረስ እንደገባሁ ዶማዬ አንድ ለስላሳ ነገር በሳ። ውሃው ፊቴን መትቶ ወደ ኋላ ጣለኝ። አባቴ እጄን ይዞ ሲያወጣኝ ጉድጓዱ ሞልቶ ሙዞቹን አልፎ ወደ ጎረቤት ይፈስ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ነርሷ ከጤና ጣቢያው ባልዲ እንደያዘች በሩጫ መጣች። ሁለት ሴቶች ምጥ ላይ ናቸው፣ አንዷም ደም እየፈሰሳት ነው። አባቴ ሁለት ጄሪካን አንሥቶ ወደ ነሪ ወንዝ ወረደ፤ እኔም ተከተልኩት። የደፈረሰ ውሃ ቀድተን፣ ዳገቱን ወጥተን ለጤና ጣቢያው እናስረክባለን፤ እነሱ አጥልለው ያፈሉታል፤ እኛ ደግሞ እንመለሳለን። እስኪመሽ ድረስ ስንት ጊዜ እንደተመላለስን አላውቅም። ሁለቱም ሴቶች በሰላም ወለዱ።

ቅዳሜ ቀበሌ ተጠራን። አዳራሹ ሞልቷል። አባቴ ተነሥቶ፣ በተሰባበረ አማርኛው፣ እኔ ዝም ብዬ አልቆፈርኩም፣ አቶ ዘለቀ ለልጄ ነግሮት ነው አለ። አቶ ዘለቀም ተጠርቶ ነበር። ሃምሳ ዓመት የሆነው ቀጭን ሰው ነው፤ ጥፍሮቹ ውስጥ የፓምፕ ቅባት ጠቁሯል። ሐሙስ አመሻሹ ላይ ከወይጦ እንደገባሁ ቤቴ ተኛሁ እንጂ ይህን ልጅ አላየሁትም አለ። ማንም አላመነውም። አባቴ ዋሽቶ አያውቅማ። ሊቀመንበሩ ይህ ስህተት ሳይሆን አሻጥር ነው አለ፤ በዚያ ዘመን ይህ ቃል ሰው ያሳስራል። ሁለት ጥበቃዎች አቶ ዘለቀን ከግራና ከቀኝ ያዙት። እሱ ግን ወደ እነሱ አላየም፤ እኔን ነበር የሚያየው።

ተነሣሁ።

«አላገኘሁትም» አልኩ። «መመላለስ ሰልችቶኝ ነው የዋሸሁት።»

ወደ አባቴ ለማየት አልደፈርኩም። አጠገቤ ቆሞ ነበርና ቀስ ብሎ ሲቀመጥ ብቻ ሰማሁ።

ከስድብና ከማስጠንቀቂያ በኋላ፣ ለሁለት ወር ያለ ደመወዝ ከአቶ ዘለቀ ጋር እንድሠራ ተፈረደብኝ። በከተማው ውስጥ ቧንቧ ባለፈበት ሁሉ እየቆፈርን ድንጋይ ተከልን። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቃል አልተነፈሰልኝም። ዝናብ ይዞን አንድ ቤት በረንዳ ላይ ሸፈሮ ሲቀርብልን ነው፣ ትኩሱን የቡና ቅጠል እየጠጣ፣ የተናገረኝ።

«ቢሮ እየተመላለስክ እንደነበር ጸሐፊው ነግሮኛል። መናደድህ ልክ ነው። ግን በእኔ ስም ምን አስዋሸህ?»

መልሴን ሳይጠብቅ ሸፈሮውን ጨለጠ። አካፋውንም አነሣ።

የአባቴ ቅጣት ከዚህ ይልቅ ረዘመ። አልመታኝም፣ አልሰደበኝም። ብቻ ከዚያን ቀን ጀምሮ የነገርኩትን ሁሉ ራሱ ሄዶ ያያል። ፍየሎቹ ገብተዋል ስለው ተነሥቶ ወደ በረቱ ይሄዳል። ዘይት መጥቷል ስለው ወደ ሱቁ ይወርዳል። ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ኖርን። በልቤ እበግናለሁ፤ ግን ምን ብዬ እናገረዋለሁ?

ያ ጸሐፊ ደብዳቤዬን ቢያነብ፣ ያ ማህተም ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ፣ አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን አንድ ወረቀትም መስመሩን ቢያውቅ ኖሮ እያልኩ ዕድሜዬን ሙሉ ተናድጃለሁ። ንዴቴ ትክክል ነው፤ አሁንም አልተውኩትም። ግን ውሸቱን ጸሐፊው አልተናገረውም።

ትናንትም ቢሮው ሄጄ ነበር። የሚመለከተው ሰው አልተመለሰም። ቤት ስገባ ቆፋሪዎቹ ጥላ ሥር ተጋድመዋል፤ ልጄ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ምን አሉህ አባዬ?»

«አላገኘሁትም» አልኳት። «ነገ እሄዳለሁ።»

ተናደደች። ትናደድ።