የዲንሾ በሬዎችና የጎባው እርጥብ ግድግዳ

በጃንሆይ ዘመን፣ ባሌ ጠቅላይ ግዛት ስትባል፣ እኔ ጎባ ላይ የፈንጣጣ ከታቢ ነበርኩ። ሥራዬ በቅሎ ላይ ነው። ከወሩ እኩሌታውን ገጠር ለገጠር ስዞር እቆይና የቀረውን ከባለቤቴ ጋር ጎባ እውላለሁ። የተከራየነው ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ ባላቸው በሞቱባቸው በአንዲት ሙስሊም እናት ግቢ ውስጥ ነበር። ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈር። አከራያችን ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከጎረቤት ጋር በኦሮምኛ፣ ከፈጣሪያቸው ጋር በዓረብኛ ይነጋገራሉ። ሲቆጡ ሦስቱንም ይቀላቅሉታል።

መጫወቻ መሰብሰብ የጀመርኩት ሳላስበው ነው። አንድ ቀን ዲንሾ አጠገብ ካለች መንደር ሰው ሰብስቤ ስከትብ፣ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ አንዲት ልጅ ተራዋ ደርሶ ክንዷን አልሰጥም አለች። እናቷ ብትለምናት፣ አባቷ ቢቆጣት አልሆነም። በመጨረሻ ጨብጣ የያዘችውን እጇን ከፈተችልኝ። መዳፏ ላይ አውራ ጣት የምታክል የጭቃ በሬ አለች። «መጀመሪያ እሱን» አለችኝ በኦሮምኛ። መርፌዬን መድኃኒት ሳላስነካ የበሬውን ትከሻ ወጋ ወጋ አደረግሁት። በሬው እንዳላለቀሰ ካየች በኋላ ክንዷን ዘረጋች፤ እሷም አላለቀሰችም። ሥራዬን ጨርሼ በቅሎዬን ስጭን እየሮጠች መጣችና በሬውን እጄ ላይ አኖረችው። «ከነ ፉዲ» አለች፤ ይኼን ውሰድ ማለቷ ነው። ከዚያም ዞር ሳትል ሄደች።

በሬውን በጥጥ ጠቅልዬ ጎባ አደረስኩት። ከዚያ ወዲያ የሄድኩበት ሁሉ ልጆቹ በምን እንደሚጫወቱ ማየት ልማዴ ሆነ። ደስ ያለኝን ካገኘሁ አንድ እርሳስ ለሁለት ቆርጬ ግማሹን ለባለቤቱ ልጅ እሰጥና እወስደዋለሁ። እንደዚያ እንደዚያ እያለ የጭቃው መንጋ ሃያ ደረሰ። ከበቆሎ ቆረቆንዳ የተሠራች፣ ፀጉሯ ሣር የሆነ አሻንጉሊት አገኘሁ። ሮቤ ላይ ከሰርዲን ቆርቆሮ የተሠራች መኪና፣ ጎማዋ ቆርኪ፣ መሪዋ ሽቦ። የመድኃኒት ሣጥን ፈትቼ መደርደሪያ ሠራሁና በመኝታ ክፍላችን በጓሮው በኩል ካለው ግድግዳ ላይ መትቼ ሁሉንም ደረደርኳቸው።

ባለቤቴ ከሸዋ ይዣት የመጣኋት፣ ዝምታ የምታበዛ ሴት ነች። ለጎባ ብርድ የሚሆን የሱፍ ሹራብ ትሠራለች፤ የኛ ሰፈር ሰው ግማሹ እሷ የሠራችውን ለብሶ ነው የሚሄደው። ከተጋባን አምስት ዓመት አልፎን ነበር። አንድ ጊዜ ፀንሳ በአራተኛው ወር ወረደባት። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር እሷም አላነሳች፣ እኔም አልጠየቅኋት።

በነሐሴ መጀመሪያ ላይ ያ የጓሮው ግድግዳ ራሰ። መጀመሪያ ከታች፣ ከወለሉ አጠገብ፣ መሐረብ የሚያህል ጠቆር ያለ ነገር ታየን። በሳምንቱ ጉልበት ደረሰ። በሁለተኛው ሳምንት ወለሉ ረግረግ አለ፤ ጠዋት ከአልጋ ስንወርድ እግራችን ጭቃ ይረግጣል። ክረምት ነውና ጣራው ነው ብለን ፈረድን። እኔ ነበርኩ ፈራጁ።

«እማማ፣ ጣራዎ ያፈሳል» አልኳቸው አከራያችንን።

«ልጄ፣ ይኼ ቆርቆሮ ከተመታ አራት ክረምቱ ነው፤ አንድ ቀን አላፈሰሰም» አሉ።

«ዘንድሮ ጀመረዋ!»

ቆርቆሮ መቺ አስመጡ። ወጣ፣ ምስማር ጨመረ፣ ሬንጅ ቀባ፣ ወረደ። ግድግዳው ግን እንደራሰ ነው። ደግመን ጠራነው። በሦስተኛው ጊዜ እኔው ራሴ መሰላሉ ሥር ቆሜ ሥራ አታውቅም ብዬ ተቆጣሁት። ሰውዬው መዶሻውን ቀበቶው ውስጥ ሻጠና፣ «ሀኪም፣ ውሃ ከላይ ቢመጣ ኖሮ የግድግዳው አናት አይርስም ነበር ወይ?» አለኝ። አልሰማሁትም። ደግሞ ደንበኛ ሀኪም አልነበርኩም፤ መርፌ የያዘውን ሁሉ ነው ሀኪም የሚሉት።

ችግሩን የምትችለው ባለቤቴ ነበረች። እኔ በቅሎዬን ጭኜ እወጣለሁ፤ እሷ ጆንያ አንጥፋ፣ ውሃው ጆንያው ውስጥ ሲጠራቀም ሳፋ ላይ ጨምቃ፣ ሳፋውን ደጅ ደፍታ፣ እንደገና ታነጥፋለች። ሱፏ ሻገተ። ለሰው የጀመረችው ሹራብ ሽታ ያዘና ፈታ ማጠብ ግድ ሆነባት። በብርዱ እጇ ተሰነጣጠቀ።

አንድ ቀን ከሮቤ አንዲት የሽቦ ብስክሌት ይዤ ስገባ ጆንያ እየጨመቀች አገኘኋት። ብስክሌቷን አሳየኋት፤ ፔዳሏ ሲዞር ጎማዋም ይዞራል። ቀና ብላ አየችው።

«ቤቱ እየፈረሰ አንተ ከተማ ትገነባለህ» አለች።

«ምን ላድርግ? ጣራውን ሦስት ጊዜ አስጠገንኩ።»

«ስለ ጣራው አይደለም የምልህ። እነዚህን የምትሰበስበው ለማን ነው?»

መልስ አልጠበቀችም። ሳፋውን አነሳችና ወጣች። በማግስቱ አንገቱ ወደምትባል የቆላ መንደር ጉዞ ነበረብኝ፤ ሳንነጋገር ተለያየን።

ወደዚያ በሰኔቲ ተራራ በኩል ወደ ሃረና ጫካ ሲወርዱ መንገዱ ረጅም ነው። ላይ ጉምና ውርጭ፣ ታች ጫካና ሙቀት። በቅሎዬ ላይ ሆኜ ያ ጥያቄ አልለቀቀኝም። አንገቱ ላይ ስከትብ ሰነበትኩና ለመመለስ ስነሳ አንድ ልጅ ከቀርከሃ የሠራውን ጉሬዛ አመጣልኝ። ገላውን በከሰል አጥቁሮታል፤ ጭራው ነጭ የበግ ፀጉር ነው። አልወስድም ልለው ነበር። አልቻልኩም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጎባ ገባሁ። በሩን ስከፍት የፊተኛው ክፍል ውስጥ ሰሌን ተነጥፎ፣ ትራስና ብርድ ልብስ ተጣጥፎበት አየሁ። መኝታ ክፍሉ ውስጥ የግድግዳው ምርግ ክንድ በሚያህል ስፋት ተንዶ ማገሩ ገጥጧል። መደርደሪያው የለም። አልጋችን ላይ ግን ጋቢ ተነጥፎ፣ በሬዎቹ በየተራቸው፣ አሻንጉሊቷ፣ መኪናዋና ብስክሌቷ ከየጎናቸው፣ ሁሉም በሰልፍ ቆመዋል።

ባለቤቴ ከኋላዬ ገባች።

«አልጋው ላይ ምን ይሠራሉ?» አልኩ።

«ከቤቱ ውስጥ ደረቅ የሆነው እሱ ብቻ ነው።»

«አንቺስ? ሰሌን ላይ ነው የሰነበትሽው?»

«እኔ ጭቃ አይደለሁ፣ አልሟሟ» አለች።

መደርደሪያው የወደቀው በሄድኩ በሁለተኛው ቀን ነው። ሦስት በሬዎች ውሃው ውስጥ ወድቀው ሟሙተዋል። የዲንሾዋ ልጅ የሰጠችኝም የፊት እግሮቹ ሄደው ነበር። አንስታ አሳየችኝ። ከግድግዳው ከተናደው ጭቃ ሁለት እግር ሠርታ ተክላለት፣ ምድጃ ዳር አድርቃዋለች። አዲሶቹ እግሮች ከገላው ይጠቁራሉ፤ አንዱ ትንሽ አጠር ስለሚል በሬው አንገቱን የደፋ ይመስላል።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እሷም ከመጫወቻዎቹ ወዲያ ተቀመጠች።

«ለማን ብዬ መጠየቅ አልነበረብኝም» አለች። «አውቃለሁ ለማን እንደሆነ።»

«እኔ ግን አላውቅም ነበር» አልኳት። «ሰኔቲ ላይ ነው የገባኝ።»

አለቀሰች፤ ብዙም አይደለም። ስለወረደው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጋገርነው ያን ቀን ነው። ወንድ ይሁን ሴት ማንም እንዳልነገራት፣ እሷ ግን ሴት ናት ብላ በልቧ እንዳኖረቻት ነገረችኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ይህን ብቻዋን ይዛ ነበር። ከዚያ ጉሬዛውን ከከረጢቴ አወጣሁ። ጭራውን በጣቷ ዳበሰችና፣ «ሱፉ ጥሩ ነው» አለች። ሁለታችንም ተነስተን ጆንያ ጨመቅን።

ጥቅምት ገባ። ሰማዩ ጠራ፣ ገብሱ ቢጫ ሆነ፣ ጠብታ ዝናብ የለም። ግድግዳችን ግን እንደራሰ ነው። አንድ ጠዋት አከራያችን መጥተው ጣታቸውን የተናደው ጭቃ ውስጥ ከተቱና ጭቃውን አሻሹት።

«ይኼ የዝናብ ቢሻን አይደለም» አሉ። ቢሻን ውሃ ነው። «የዝናብ ውሃ ክረምት ሲወጣ ይሄዳል። ይኼኛው የሚመጣበት ቤት ያለው ነው። ና፣ ተከተለኝ።»

በጓሮ በኩል ዞርን። የአገሩ ሣር ሁሉ መድረቅ በጀመረበት ወቅት፣ ከመኝታ ክፍላችን ግድግዳ ኋላ ያለው ሣር ለምልሞ ቁርጭምጭሚት ይደብቃል። በመካከሉ በቅሎዬ ታስራለች። ከካስማው ሥር ሰሐን የምታህል ኩሬ አለች፤ በቅሎዋ ጎንበስ ብላ ከዚያ ትጠጣለች። ያን ጊዜ ነው ከነሐሴ ጀምሮ ወንዝ ስወስዳት ውሃ እምቢ ትለኝ እንደነበር ትዝ ያለኝ። የሰኔቲ ብርድ ጥሟን ያጠፋው ነበር የመሰለኝ።

ካስማው ብረት ነው። በሐምሌ መጨረሻ፣ የእንጨቱን ነቅላ ስላስቸገረችኝ፣ በመዶሻ እስከ አንገቱ የቀበርኩት እኔው ነኝ። ከተራራው ምንጭ ወደ ሰፈሩ ቦኖ የሚሄደው ቧንቧ በዚያ ግቢ ውስጥ እንደሚያልፍ አላወቅሁም፤ አልጠየቅሁምም።

በሁለት እጄ ይዤ ስቤ ነቀልኩት። ውሃው ተስፈንጥሮ ፊቴን መታኝ። በቅሎዋ ደንብራ ገመዷን ይዛ ሮጠች።

«ያ ረቢ!» አሉ አከራያችን። ቀጥሎ ሳቅ ያዛቸው፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ግድግዳውን ተደገፉ። ባለቤቴ ድምፅ ሰምታ መጣችና እኔን፣ ካስማውንና ውሃውን ተራ በተራ አየች።

«ጣራው ነው ያልከው ይኼንን ነው?» አለች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። ከዚያ በላይ ምን ይባላል? ሁለቱንም ይቅርታ ጠየቅሁ። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ መቺውን ሱቁ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። «እኔማ ነግሬህ ነበር» አለና ሻይ ጋበዘኝ። ሻዩ ከስድብ ይበልጥ አሳፈረኝ።

ጥፋቴ በኛ ቤት ብቻ አላበቃም። ለካ የሰፈሩ ቦኖ ከነሐሴ ጀምሮ ቀጥኖ፣ ሴቶቹ እንስራቸውን ለመሙላት በእጥፍ ይሰለፉ ኖሯል። ቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ ቆፍሮ ካየ በኋላ መስመሩን ሁለት ቀን መዝጋት አለብኝ አለ። አከራያችን ጎረቤቶቹን ሰብስበው ፍርድ ሰጡ፦ «ቧንቧው እስኪጠገን ለሰፈሩ ውሃ የሚያመላልሰው ይኼ ሀኪም ነው። በቅሎዋም አብራ ጠጥታለችና ትርዳው።»

ሁለት ቀን ሙሉ ከቶጎና ወንዝ በበርሜል ውሃ ስጭን ዋልኩ። መጀመሪያ አፍሬ ነበር። ኋላ ግን ሴቶቹ ሲያዩኝ እየሳቁ «አካም ጅርታ ሀኪም»፣ እንዴት ነህ ሀኪም፣ እያሉ ያበረቱኝ ጀመር፤ እስከዚያ ድረስ ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸውን ሰዎች ደጅ ሁሉ አወቅሁ። ግድግዳውን እንደገና ስንመርግ ጭድ ያመጡልንና ጭቃውን ከባለቤቴ ጋር የረገጡት እነሱ ናቸው። ምርጉ ለመድረቅ ሦስት ሳምንት ፈጀ። መጫወቻዎቹን እሷው ራሷ በመስኮቱ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ደረደረቻቸው፤ እኔ ከደረደርኩት ይልቅ የሷ አደራደር ያምር ነበር።

በኅዳር ወደ ዲንሾ ልወጣ ስዘጋጅ «እኔም እመጣለሁ» አለች። ጎባ ከገባች ጀምሮ ከሮቤ ገበያ አልፋ አታውቅም ነበር። በጭነት መኪና እስከ ዲንሾ ሄድን፤ ሾፌሩ ጎን ብርድ ልብስ ተከናንባ መንገዱን ሁሉ ታይ ነበር። መንደሩ ስንደርስ ያልጠበቅኩትን ሥራ ያዘች። ልጆቹን አንድ በአንድ እያቀፈች፣ በተሰባበረ ኦሮምኛዋ እያጫወተች ክንዳቸውን ታቀርብልኛለች። የሚያለቅሱት ቀነሱ።

እኩለ ቀን ላይ አንዲት እናት የሚጠባ ልጅ አቅፋ፣ ሌላ በእጇ ይዛ መጣች። ባለቤቴን ስንት ልጅ እንዳላት ጠየቀቻት። «ህን ቀቡ» አለች ባለቤቴ፤ የለኝም ማለት ነው። ሴትዮዋ አላዘነችም፣ አልመረቀችም። የተኛውን ሕፃን ባለቤቴ ጭን ላይ አኖረችና የቀሩትን ልጆቿን ልታመጣ ወደ ቤቷ ሄደች።

የሕፃኑ ተራ ሲደርስ መርፌዬን ይዤ ጠጋ አልኩ።

«ተኝቷል» አለች ባለቤቴ። «ሲነቃ ትከትበዋለህ።»

ወደሚቀጥለው ሰው አለፍኩ።